በማዕበል መካከል ያለ ሰላም

የገሊላ ባሕር ከባሕር ጠለል 200 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በኮረብቶች የተከበበ ስለ ሆነ ነፋስ በድንገት ይወርድበታል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 እንደ ተጻፈው፣ ከደቀ መዛሙርቱ አንዳንዶቹ ውሃውን የሚያውቁ ዓሣ አጥማጆች ሲሆኑ ተሸበሩ፤ ጌታችን ግን ተኝቶ ነበር። ልብ በል፤ የተኛው ማዕበሉ ጸጥ ካለ በኋላ አይደለም፤ ታንኳይቱ ስትናወጥ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ! ብዙዎቻችን ሰላምን የምንጠብቀው ፈተናው ካለፈ፣ ሥራ ከተገኘ፣ የታመመው ከዳነ በኋላ ነው። እንዲህ ያለው ሰላም የነፋስ ባሪያ ነው። በእግዚአብሔር መታመን ማለት ግን መቅዘፊያን መጣል አይደለም፤ ተማሪው ያጥና፣ በሽተኛውም ይታከም። የሚቻለንን ከሠራን በኋላ የማይቻለንን ለእርሱ እንተውለት። ይህን የለመደ ልብ ነፋሱ ባይቆም እንኳ ያርፋል።