ዳብና ቃሉ የተቀነሰለት ጸሎት

ዳብ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጃማይካ ርዕሰ ከተማ በኪንግስተን የተፈጠረ የሙዚቃ አሠራር ሲሆን፣ አስቀድሞ ከተቀዳ የሬጌ ዘፈን ላይ የድምፃዊውን ድምፅ ቀንሶ፣ ከበሮውንና ቤዝ ጊታሩን አጉልቶ፣ በቀረው ላይ የገደል ማሚቶን የመሰለ ድግምግሞሽ በመጨመር ይሠራል። የአሠራሩ ፋና ወጊ ኪንግ ተቢ በሙያው የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ስለነበር፣ የሙዚቃ መሣሪያው የድምፅ ማደባለቂያው፣ ማለትም ሚክሰሩ ነበር ማለት ይቻላል። ይሁንና ከሬጌ ዘፈኖች ብዙዎቹ የራስ ተፈሪያን ምስጋናና ልመና በመሆናቸው፣ የስቱዲዮው ሥራ አንድ ሃይማኖታዊ ጥያቄ ያስከትላል፤ ቃሉ የተቀነሰለት ጸሎት ጸሎትነቱ ይቀራልን?

ለምሳሌ አቢሲኒያንስ የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1969 የቀዳው «ሳታ ማሳጋና» ለራስ ተፈሪያን እንደ መዝሙር የሚቆጠር ሲሆን፣ በዚያው ምት ላይ የተመሠረቱ በርካታ ሥራዎች ተከትለውታል። በጊዜው ልማድ የሸክላው ፊት ዘፈኑን ከነግጥሙ፣ ጀርባው ደግሞ «ቨርዥን» የሚባለውን ግጥም አልባ ቅጂ ይይዝ ነበር። ታዳሚው የፊቱን ገጽ በቃሉ ስለሚያውቀው፣ ባለሚክሰሩ አንዲት ሐረግ ለቅጽበት ለቆ ሲቆርጣት ቀሪውን በልቡ ይሞላዋል፤ ስለዚህ ቃሉ ወደ አድማጩ ተዛወረ ቢባል ለእውነቱ ይቀርባል።

በቅዱስ ያሬድ ዜማ ላደገ ሰው ይህ ክርክር በቀላሉ አይዋጥለትም፤ በዚያ ሥርዓት ከበሮውና ጸናጽሉ ቃሉን ያጅባሉ እንጂ ተክተውት አይቆሙምና። በኒያቢንጊ፣ ማለትም ራስ ተፈሪያን በከበሮ በሚያካሂዱት የአምልኮ ጉባኤ ግን፣ ፈንዴ የተባለው ከበሮ የልብ ትርታን የመሰለውን ምት ሳያቋርጥ ሲይዝ፣ ምቱ ራሱ የአምልኮው አካል ነው።

ዘዴው ከአገሩ ሲወጣ ነገሩ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የዳብ ኮሎሰስ «ኤ ታውን ኮልድ አዲስ» አልበም እንግሊዛዊውን አቀናባሪ ኒክ ፔጅን ከኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች ጋር አገናኝቷል። ቅኝቱን የሚያውቅ አድማጭ ማሲንቆው ገና ሲጀምር ያልተዘፈነውን ግጥም ይሰማል፤ የማያውቀው ደስ የሚል የሩቅ አገር ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ሆኖም በዚህ ሥራ የቅኝቱ ባለቤቶች ራሳቸው አብረው ስለተጫወቱ፣ የሚቀነሰውን የሚያውቅ ሰው በስቱዲዮው ውስጥ ነበር። በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ግን አንድ አቀናባሪ ትርጉሙን የማያውቀውን የአምልኮ ድምፅ ከቅጂ ቆርጦ በኮምፒውተር ምት ላይ ሲያስቀምጥ፣ ውጤቱ ውብ ሊሆን ቢችልም፣ ምን እንደተቀነሰ እሱም አድማጩም ስለማያውቁ፣ በልብ የሚሞላ ክፍተት አይኖርም።