ኮልታፋ ለመሆን መፍቀድ

“አፍ መፍቻ ቋንቋ” የሚለውን አባባል ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሕፃን መናገር ሲጀምር “አፉን ፈታ” እንላለን። ትልቅ ሰው ሁለተኛ ቋንቋ ሲጀምር ግን የተፈታው አፍ መልሶ ይታሰራል። በገዛ ቋንቋው ሰብሳቢ፣ ዘማሪ፣ ቀልደኛ የነበረ ሰው ድንገት “ውሃ፣ እፈልጋለሁ” ብቻ የሚል ኮልታፋ ይሆናል።

ቋንቋ ለመማር ጀምረው የተዉ ወጣቶችን ምክንያታቸውን ብትጠይቁ ጊዜ ማጣትን፣ የኮርስ ክፍያን፣ “ተሰጥኦ የለኝም” የሚለውን ይደረድራሉ። ትንሽ ቆየት ብላችሁ ብትሰሙ ግን ከሥር ያለው ሌላ ነው፤ “ሰው ይስቅብኛል።” ይህ ፍርሃት ዓይን አፋርነት ብቻ ነው? ወይስ የልብ ጉዳይ ነው? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። ምክንያቴንም ከሚፈራው ሳይሆን ከሚስቀው ልጀምር።

አንድ ፈረንጅ “አመሰግናለሁ” ብሎ ቃሏን ሰባብሮ ቢናገር እናጨበጭብለታለን፤ “እንዴት ጎበዝ ነው!” እንላለን። አፉን በኦሮምኛ የፈታ ወንድም ግን እኅቱን “አንተ” ብሎ ቢጠራ ሳቁ ከየአቅጣጫው ይነሣል። ይህ ሰው የተሳሳተው ሞኝ ስለ ሆነ አይደለም። በኦሮምኛ “አንተ”ም “አንቺ”ም አንድ ቃል ነው፤ “አቲ” ይባላል። የሚናገረው ሁለተኛ ቋንቋውን ነው፤ ከሳቂዎቹ መካከል ሁለተኛ ቋንቋ የሌለው ብዙ ነው። ለአንዱ ጭብጨባ፣ ለሌላው ሳቅ የሰጠነው ስሕተቱን መዝነን ሳይሆን ሰውየውን መዝነን ነው።

መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12ን የምታውቁት ይመስለኛል። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው፣ የሚያልፈውን ሁሉ “ሺቦሌት” በል ይሉት ነበር። “ሲቦሌት” ያለው ኤፍሬማዊ መሆኑ ይታወቅና ይገደላል። በዚያ ጊዜ የወደቁት ኤፍሬማውያን 42,000 እንደ ነበሩ ተጽፏል። በአንዲት ፊደል አነጋገር! የእኛ ሳቅ ሰው አይገድልም፤ ነገር ግን መሻገሪያው ላይ ቆሞ በአንደበት መለየት ያው ሥራ ነው። ደግሞም መልሶ ሳቂውን ያስራል። ሌላው ሲኮላተፍ ስቆ የኖረ ሰው፣ እንግሊዝኛ ወይም ዓረብኛ ለመናገር አፉን ሲከፍት የሚሰማው ያንኑ የራሱን ሳቅ ነው።

ከዚህ የተለየ ልብ የነበረው አንድ ሰው አለ፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ። ኢሉባቦር ውስጥ ተወልዶ በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት ተሸጠ፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበር፤ “የሚፈታ፣ የሚተረጉም” ማለት ነው። ስዊድን አገር ሄዶ ተምሯል። ተመልሶ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ሲጀምር ግን አንድ ነገር ጎደለው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ከወገኖቹ ርቆ ስለ ኖረ የገዛ ቋንቋው ቃላት አልበቁትም። እንግዲህ አስቡት፤ አውሮፓ የተማረ ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተማሪ መሆን አለበት።

የረዳችው አስቴር ጋኖ ናት። እርሷም ባሪያ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1886 ነፃ ወጥታ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። በዕድሜ ከእርሱ በጣም ታንሳለች፤ ቋንቋው ግን ከእርሷ ጋር ነበር። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ የምታስታውሳቸውን ወደ 500 የሚጠጉ ተረቶች፣ ዘፈኖችና እንቆቅልሾች ጻፈች። አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። (የእርሱ ስም ሲጠራ የእርሷ ብዙ ጊዜ መረሳቱ፣ በእኔ አስተያየት፣ ተገቢ አይደለም።) “እኔ የተማርሁ ነኝ፤ ከአንዲት ወጣት ቃል አልለምንም” ቢል ኖሮ ትርጉሙ ምን ዓይነት ይሆን ነበር?

ዘዴውስ? ዘዴ አለ፤ ዋና ዋናውን ልንገራችሁ። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ ሁለት ነገር አሳይቷል፤ የተማርነው በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ በየጊዜው ተከፋፍሎ የተደገመ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከተጨናነቀው ይበልጥ ይቆያል። ስለዚህ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ከማጥናት በየቀኑ ሃያ አምስት ደቂቃ ይሻላል። ዛሬ የያዛችኋትን ቃል ነገ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ ጎብኟት። ቃሏንም ብቻዋን ሳይሆን ከነዓረፍተ ነገሯ ያዙ። ለንባብ ደግሞ አሳቡን አስቀድማችሁ የምታውቁትን ምረጡ። የማርቆስን ወንጌል በአማርኛ በሚገባ የሚያውቅ ሰው በምትማሩት ቋንቋ ጮክ ብሎ ቢያነበው፣ ግማሹን ቃል ሳይተረጎምለት ይረዳዋል።

እነዚህ ሁሉ ግን ብቻችሁን በር ዘግታችሁ የምታደርጓቸው ናቸው። በሩን የሚያስከፍተው አራሚ ነው። በኦሮምኛ “ረፉ” ብላችሁ የመጀመሪያውን አናባቢ ብታሳጥሩ መተኛት ነው፤ “ራፉ” ብላችሁ ብታስረዝሙ ጎመን ነው። ይህን ልዩነት ጆሮ የሚለምደው ተናጋሪው አጠገብ ተቀምጦ፣ “ልተኛ ነው” ለማለት ጎመን ጠርቶ፣ ታርሞ ነው።

“በቂ ሳልችል መናገር ድፍረት አይሆንም?” የሚል ቅን ሰው ይኖራል። መድረክ ላይ ወጥቶ ለማስተርጎም ከሆነ፣ አዎ ድፍረት ነው፤ የሌላው ሰው መልእክት በእጁ ነውና። ለሰላምታና ለጨዋታ ግን ቆይቶ መጀመር ትሕትና መስሎ የሚታይ ክብርን መጠበቅ ነው። ስሜን ሳላስነካ ልማር ማለት ነው።

ሌላው ደግሞ “እንግሊዝኛ እንጀራ ያበላል፤ የጎረቤት ቋንቋ ምን ያደርግልኛል?” ይላል። እንግሊዝኛን አልነቅፍም፤ መጽሐፍም ሥራም ይከፍታል፤ እኔም ከኮሌጅ የተማርሁት ብዙው በእርሱ ነው። ነገር ግን ጥያቄው ራሱ ቋንቋን በሚያስገኘው ብቻ ይመዝናል። የግቢያችሁ ዘበኛ ስንት ዓመት በእናንተ ቋንቋ ሲኮላተፍላችሁ ኖረ? በእርሱ ቋንቋ አንድ ቀን ብትኮላተፉለት እርሱ መምህር፣ እናንተ ተማሪ ትሆናላችሁ። ይህ ለውጥ ደመወዝ የለውም። በእኔ ሚዛን ግን ከብዙ ሰርተፊኬት ይከብዳል።

በሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሞክሩት። አንድ አራሚ ምረጡ፤ “ስሳሳት አቁመኝና ትክክለኛውን በለኝ” በሉት፤ አለዚያ በይሉኝታ ዝም ይላችኋል። እናንተም አራሚ ስትሆኑ ስሕተቱን ደግማችሁ አታስመስሉት፤ ትክክለኛውን ተናገሩና ጨዋታውን ቀጥሉ። ኦሮምኛ የሚናገሩ እናት ካገኛችሁ ደግሞ “አቲ” አትበሏቸው፤ ለትልቅ ሰው “ኢሲን” ይባላል። የቀረውን እርሳቸው ይነግሯችኋል።