«ላም አለኝ በሰማይ» ላልካት እናትህ ስል

እናትህ፣ እህቴ፣ ፈተናህን እንድታልፍ ስለት ልትሳልልህ ብትል «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለህ መለስክላት አሉ። ተረቱን አልነቅፍም፤ የአያቶቻችን ነው። እንዲያውም አገራችን ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ስትሠራ ኖራ ለኢአማኒ የሚሆን ተረት ሳይቀር አስቀምጣ መቆየቷ ይገርመኛል። ያስከፋኝ የተናገርክበት ቦታ ነው። ሌሊቱን ለአንተ ስትጸልይ ባደረች ሴት ፊት ተረት አይወረወርም። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ያሉት ሰዎች በብርሌው ግንባር ይፈንከት አላሉም።

እሷ ደግሞ «ከስልኩ የገባበት የፈረንጅ በሽታ ነው» ትላለች። አንተም ሳታውቀው ትደግፋታለህ፤ የምትጠቅሰው ሁሉ የለንደንና የአሜሪካ ሰው ነዋ። ሁለታችሁም አልተመለከታችሁም። አንገት የተሠራው ዞሮ ለማየት ነው፤ እስቲ ዞር በልና የምትማርበትን ግቢ እይ። ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተማረው ሄንሪ ኦዴራ ኦሩካ በ1970ዎቹ (ዘመኑን በፈረንጅ እቆጥርልሃለሁ፤ ያለነው ናይሮቢ ነው) ወደ ኬንያ ገጠር ወጣ። አፍሪካዊ በጅምላ ያምናል እንጂ ለብቻው አያስብም የሚሉትን ሊሞግት ፈልጎ ሽማግሌዎችን ቁጭ አድርጎ ጠየቀ፦ አምላክ አለ ወይ? ሞት ምንድን ነው? ጥበብስ? መልሳቸውን በ1990 «ሴጅ ፊሎሶፊ» በሚል መጽሐፍ አወጣው።

ሽማግሌዎቹ አልተስማሙም። ፖል ምቡያ አኮኮ የሚባሉት የሉኦ አዛውንት አምላክ አንድ ነው አሉ፤ የሉኦ አምላክ ሌላ፣ የነጭ አምላክ ሌላ ቢሆን ኖሮ ተፈጥሮ በአንድ ሥርዓት ባልሄደች ነበር ብለው ተከራከሩ። የኦሩካ የገዛ አባት ደግሞ አምላክን እንደ ሰው መቁጠር ስህተት ነው፤ አምላክ የመልካምነት ሐሳብ ነው አሉ። ንጄሩ ዋ ኪንየንጄ የተባሉት ግን ሃይማኖትን ከጥንቆላ ሳይለዩ አምላክን አልተቀበሉም። ማናቸውም ይህን ከስልክ አልቀዱም። እንግዲህ እህቴ «የፈረንጅ» ማለቷን ትተው፤ አንተም አዲስ ነገር ያገኘህ አይምሰልህ።

ከእኛ ወገን ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብን አንብብ። ዘርዓ ያዕቆብ በሱስንዮስ ዘመን፣ ካቶሊክና ተዋሕዶ ሲተራረዱ፣ መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ዋሻ ገብቶ ሁለት ዓመት የተመራመረ ሊቅ ነው ይላል መጽሐፉ። ጣሊያናዊው መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ነው የሚሉ ምሁራንም አሉ፤ ክርክሩ አልበረደም። ለእኛ ጉዳይ ግን የማንም ይሁን፤ ሙግት የሚመዘነው በራሱ እንጂ በባለቤቱ አይደለም። ሙግቱ እንዲህ ይሄዳል፦ እኔን ማን ፈጠረኝ? ወላጆቼ ብል፣ እነሱንስ? ወደ ኋላ እየሄድክ ስትቆጥር ያልተፈጠረ አንድ ፈጣሪ ላይ ካልቆምክ ማቆሚያ የለህም።

«ፈጣሪንስ ማን ፈጠረው?» እንደምትል አውቃለሁ። ጥያቄው ጎበዝ ያስመስላል፤ ነገር ግን ሙግቱ «ያለ ሁሉ ፈጣሪ ይሻል» አላለም፤ «የጀመረ ሁሉ» ነው ያለው። ይልቅ ጠንካራውን መልስ ላቀብልህ። ዓለም ራሷ መጀመሪያ የሌላት ብትሆንስ? መጀመሪያ የሌለው ነገር አለ ብለን ብንቀበል እንኳ፣ ያ ነገር የእናትህን ስለት የሚሰማ መሆኑን በምን እናውቃለን? ከመጀመሪያው ምክንያት እስከ ሰሚው አምላክ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ሙግቱ እኩሌታው ላይ ጥሎህ ይመለሳል። የሐተታው ሰው ይህን ሳያውቀው አልቀረም። በዋሻው ውስጥ እየጸለየ፣ ለመሆኑ የሚሰማኝ አለን ብሎ ራሱን የጠየቀ ሰው ነው። ጠየቀ፤ ጸሎቱንም አላቆመም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የመከራ ጥያቄ ነው። አባቶች «እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም፣ ያደርጋል እንጂ ነገር እንዳይጥም» አሉ። ለጥፋተኛ ይሁን፤ ሕፃን ሲራብስ? «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ያሉትም እኮ እነሱው ናቸው። እኔ በደርግ ዘመን ወደዚህ ስሰደድ አብሮኝ ሌሊቱን እየጸለየ የተጓዘ ጓደኛ ነበረኝ፤ ሞያሌ ሳንደርስ ቀረ። ብዙ ሰው እኔን አይቶ «እግዜር አተረፈህ» ይለኛል። አሜን እላለሁ፤ ወግ ነው። ግን እኔን አተረፈኝ ካልኩ እሱን ተወው ማለቴ ነው፤ የሱ ጸሎት ደግሞ ከእኔ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ይህን መትረፌን ማስረጃ አድርጌ አላቀርብም። ለምን ታምናለህ ብትለኝ፣ በሕይወት መኖሬን የማመሰግነው ሰው ብቻ ሆኖ አልበቃኝም እልሃለሁ። ይህ ሙግት አይደለም፤ አንተንም አያስገድድህም።

አሁን ወደምትወዳት ማስረጃህ ልምጣ፤ ሻካሆላ። በ2023 በኪሊፊ አውራጃ በሻካሆላ ጫካ ከ400 በላይ አስከሬን ተቆፍሮ ወጣ፤ ኢየሱስን ለመገናኘት ጹሙ ተብለው በረሃብ ያለቁ ሰዎች፣ ሕፃናት ጭምር። «ሃይማኖት ይኸው» አልክ። እኔም ልመልስልህ እችላለሁ፤ ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ። በደርግ የውይይት ክበብ አምላክ የለም እየተባልኩ የተማርኩ ሰው ነኝ። ያ መንግሥት በ1979፣ በእኛ 1971 ዓ.ም.፣ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ገደለ፤ የመካነ ኢየሱሱን ቄስ ጉዲና ቱምሳንም ገደለ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። «ክህደት ይኸው» ልበልህ? አንተ የእኔን ሙታን፣ እኔ የአንተን ሙታን ስንቆጥር ብንውል ስለ አምላክ መኖር አንዲት ነገር አንማርም። በጫካውም በክበቡም አንድ ነገር ተከልክሎ ነበር፤ እጅ አውጥቶ መጠየቅ። ይህን ብቻ ያዝ። እኔ ከአማኝም ከኢአማኒም የምሸሸው ጥያቄ ሲያስቆጣው ባየሁ ጊዜ ነው።

ኬንያ በዚህ ነገር ከእኛ ትሻላለች ብል አትቆጣኝ። ሕገ መንግሥቷ መግቢያው ላይ ሁሉን ቻይ አምላክን ይጠራል፤ ታክሲው ማታቱ ሁሉ የኢየሱስን ስም ለጥፎ ይበራል። ሆኖም በ2019 ቆጠራ ከ755 ሺህ በላይ ሰው ሃይማኖት የለኝም ብሎ ተመዝግቧል። በ2016 ደግሞ የኢአማኒዎች ማኅበር በሕግ ተመዘገበ። በጥቂት ወራት ውስጥ፣ የሃይማኖት ሰዎች ሲያጉረመርሙ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ምዝገባውን አገደ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። እኔን የነካኝ ግን በ2021 የሆነው ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ ኢየሱስን አገኘሁ ብሎ ሥራውን ለቀቀ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ማኅበሩ ግን ዜናውን ራሱ ይፋ አድርጎ መልካም እንዲገጥመው ተመኘለት፤ ቦታውም ክፍት ነው አለ። የእኛ ዕድር አንዱ አባል ሃይማኖት ቢቀይር እንዲህ ይሸኘዋል? እህቴን ይህን ጠየቅኳት፤ መልስ አልሰጠችኝም።

አንተ ግን ስማኝ። አላምንም ካልክ አትቁረብ፤ እናትህን ለማስደሰት ብለህም አትቁረብ። ይህን የነፍስ አባቷም ይነግሯታል፤ ማስመሰሉ ከክህደቱ ይብሳል። በጾሟ ጊዜ ፊቷ ሥጋ አትብላ፤ ይህ እምነት አይጠይቅም። ጎረቤቶቻችሁ ሙስሊሞቹ በረመዳን ጾመው ሲውሉ አንተ ራስህ ደጃፋቸው ላይ ሻይ እንደማትጠጣው ነው። ስለት ልሳልልህ ስትል እሺ በል፤ ስለቱ የሷ እንጂ የአንተ አይደለም። «የማታምን ከሆነ ከቤቴ ውጣ» ያለችውን ደግሞ ለእኔ ተወው፤ ነገ አነጋግራታለሁ።

ቸኩለህም «ጨርሻለሁ» አትበል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። የኦሩካን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍታችሁ ተውሰህ ና፤ ዓይኔ ስለደከመ አንተ ታነባለህ። አንብበህ ስትጨርስ አንተ የምቡያን ወገን ይዘህ አምላክ አለ ብለህ ትከራከራለህ፤ እኔ ንጄሩን እይዛለሁ። እናትህም ትምጣ፤ ቡናውን እዚሁ ታፈላለች፤ ዳኛዋም እሷ ትሆናለች።