ስለ ድንበር ድንጋይና ስለ ተሰወረ አበባ

ሰው ያገኘውን መልካም ነገር ለባልንጀራው መናገር ይገባዋልን፥ ወይስ መሰወሩ የሚሻልበት ጊዜ አለ? ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን በአንድ ዱር ውስጥ አብረው የሚገኙ ሁለት ነገሮች፥ የድንበር ድንጋይና የዱር አበባ፥ መልሱን ከባድ ያደርጉታል።

በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ በግንቦት መጨረሻ ወደ ዱር የሚወጣ ሰው በዛፎቹ መካከል የተካበ የድንጋይ አጥር ያገኛል። ስፍራው ዛሬ ጫካ ይሁን እንጂ ቀድሞ እርሻ ነበረ። ገበሬዎቹ ከማሳቸው የለቀሙትን ድንጋይ በወሰናቸው ላይ ካቡት፤ በማዕዘኑም ምልክት አቆሙ። በ19ኛው መቶ ዓመት ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ ወዳለው ለም መሬት ወይም ፋብሪካ ወዳለበት ከተማ ስለ ሄዱ እርሻው ጠፍ ሆነ፥ ጫካም መልሶ ያዘው። ባለቤቶቹ ሞቱ፤ ድንጋዩ ግን እስከ ዛሬ ቆሞ ይመሰክራል።

በዚያው ጥላ ሥር፥ በረገፈው የጥድ ቅጠል መካከል፥ ከኦርኪድ ወገን የሆነ መልኩ ጽጌረዳ የሚመስል አበባ ይበቅላል። ቅርጹ እንደ ጫማ ስለ ሆነ «የእመቤት ጫማ» ይሉታል። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ በውስጡም ስንቅ የለውም። በአፈር ውስጥ የሚኖር ከእንጉዳይ ወገን የሆነ ረቂቅ ነገር ካልመገበው አያድግም፤ ለማበብም ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ በጓሮው ሊተክለው ነቅሎ የሚወስድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሬሳ ተሸክሞ ይሄዳል።

አሁን ልዩነታቸውን እንመልከት። ድንጋዩን የሚጠብቀው መታወቁ ነው። ድንበር የሚገፋ ሰው ከሳሽ አለበት፤ በዚህም በዚያም ያለው ጎረቤት ያውቃል፥ መዝገብም ይናገራል። በማሳቹሴትስ የከተሞቹ ሹማምንት በየ5 ዓመቱ ወሰናቸውን ዞረው ምልክቱን እንዲያዩ በሕግ የታዘዙት ስለዚህ ነው። አበባውን የሚጠብቀው ግን መሰወሩ ነው። የነቀለውን ሰው የሚከስ ጎረቤት የለም፤ ብቻውን አግኝቶ ብቻውን ሲወስድ የሚያየው ሕሊናው ብቻ ነው።

ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው በኮንኮርድ ከተማ ነበረ። ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ (1817–1862 በፈረንጅ አቈጣጠር) ደራሲ ብቻ ሳይሆን መሬት እየለካ እንጀራውን የሚያገኝ ቀያሽ ነበረ፤ በ1851 ከሹማምንቱ ጋራ የኮንኮርድን ወሰን ዞሯል፥ ዕፅዋትንም ይመረምር ነበር። በ1853 በግንቦት መጨረሻ በዚያ አገር እምብዛም የማይገኝ አዛሊያ የሚባል የዱር አበባ ተቈርጦ በሰው ቤት አየ። የበቀለበትን ቦታ የሚያውቅ መልቪን የሚባል አዳኝ ነበረ፤ ቶሮ ሄዶ ቢጠይቀው ለመናገር አመነታ። ቶሮ ግን ዕፅዋትን የሚመረምር ሰው ስለ ሆነ ማወቅ እንደሚገባው እየነገረ አጥብቆ ያዘው፤ በመጨረሻም መልቪን ወስዶ አሳየው።

እውነት ከማን ጋራ ነበረች? መልቪን ንፉግ ነው የሚል ይኖራል፤ አበባውን የተከለው እርሱ አይደለምና። ቶሮ ደፋር ነው የሚልም ይኖራል፤ ሁለት ሰው ያወቀው ነገር በገበያ ይወራልና። እኔ ግን ፍርዱ በመናገርና በዝምታ ላይ ሳይሆን በምክንያቱ ላይ መሆን አለበት እላለሁ። ለብቻው ሊደሰት የሚሰውር ሰውና ለአበባው ብሎ የሚሰውር ሰው አፋቸው አንድ ነው፥ ልባቸው ግን ሁለት ነው። መለያውም ይህ ነው፤ ከእርሱ ይልቅ የሚጠብቅ ሰው ቢመጣ ይነግረዋልን? ካልነገረው ጠባቂ አይደለም፥ ባለቤት ነኝ ባይ ነው።

ፍጹም ዝምታም የራሱ ጥፋት አለው። ምስጢሩን የያዘው ሰው ሲሞት ምስጢሩ አብሮት ይቀበራል፤ በማግሥቱ ቤት ሠሪ ዱሩን ሲመነጥር፥ ማንም ላላወቀው ማንም አይከራከርለትም። በዚያው በአሜሪካ፥ መንግሥት በ1982 በሕግ ጥበቃ ሥር ያገባት አንዲት አረንጓዴ ኦርኪድ አለች። የምትበቅልበት ቦታ በአደባባይ እንዳይነገር ይጠነቀቃሉ፤ ነገር ግን ጠባቂዎቿ በመዝገብ ጽፈው ይይዙታል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ድንጋዩም አበባውም ምስክር ይሻሉ፤ ድንጋዩ ብዙ፥ አበባው ጥቂትና የታመነ። ያገኙትን መልካም ነገር በአደባባይ መበተንም በጉያ ሸሽጎ መሞትም ፍጻሜያቸው አንድ ነው፤ ነገሩ ይጠፋል። አደራ ማለት ለሚገባው ሰው እስኪያስረክቡ ድረስ መጠበቅ ነው።