የሠዓሊ እጅ ስለ ምን ይፈጥናል

ሠዓሊ ብሩሹን አንሥቶ አንዱን መሥመር ሳያመነታ ባንድ ጊዜ ሲስበው ያየ ሰው ከሁለት አንዱን ይናገራል። አንዳንዱ «ምንኛ የታደለ ነው፤ ሳይደክም መጣለት» ይላል። ሌላው ግን «ሳይመረምሩ መሣል ድፍረት ነው፤ ይልቁንም የቅዱሳንን መልክ» ብሎ ይነቅፋል። ከሁለቱ የማንኛው ፍርድ ቅን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። ነገሩ የሥዕል ብቻ አይደለምና፤ ሰው ከአባቶቹ በተማረው ሕግና ከልቡ በድንገት በሚፈልቀው ሐሳብ መካከል እንዴት ይኑር የሚል ጥያቄ ነው።

ለዚህ ምርመራ ጎንደር መልካም ምስክር ናት። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከቈረቈሯት ወዲህ የነገሥታቱና የእቴጌዎቹ ልግስና ብዙ ሠዓሊዎችን ሰብስቦባታል። እነዚያም ሠዓሊዎች እንዳሻቸው የሚሠሩ አልነበሩም። የጻድቅ ፊት ሁለቱም ዓይኖቹ እየታዩ፥ የከሓዲ ፊት ግን በጎኑ ባንድ ዓይን ብቻ እንዲሣል ሥርዓት ነበረ። ይህንም ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ እጅ እያየ ይማረው ነበር።

ነገር ግን በአድያም ሰገድ ኢያሱ ወደ ተመሠረተችው፥ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ባቃጠለ ጊዜ ከእሳት ወደ ተረፈችው ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ቀና ብሎ ጣራዋን ይመልከት። የመላእክቱ ፊት በተርታ ተደርድሮ ይታያል። ሁሉም ባንድ አብነት የተሣሉ ናቸው፤ ክንፋቸውም፥ ጠጕራቸውም፥ ታላላቅ ዓይኖቻቸውም ይመሳሰላሉ። ቈይቶ ላስተዋለ ግን የአንዱ አስተያየት የሌላው አይደለም። ሕጉ ፊትን አዘዘ፤ አስተያየቱን ግን እጅ ሰጠ።

ባዕድ አብነት በመጣ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። በሮም ከተማ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1591 በዐረብኛ የታተመው ወንጌል ከነሥዕሎቹ ወደ ኢትዮጵያ ደርሶ ነበር፤ የጎንደርም ሠዓሊዎች ለብራና መጻሕፍት ሥዕል አብነት አደረጉት። ነገር ግን የፈረንጁን ጥላና ርቀት ተዉት፤ የልብሱን እጥፋት በመሥመር ሸነሸኑት፤ ቀለሙን አደመቁት። የሰውን አብነት ተቀበሉ፤ እጃቸው ግን የለመደውን አልረሳም።

ይህ ነገር ለቅኔ ቤት ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ተማሪው አስቀድሞ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል፤ ሁለት ቤት ብቻ ያለውን ጉባኤ ቃናን ለመሙላት እየተጨነቀ ይውላል። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን በጉባኤ መካከል ቆሞ ለዕለቱ የሚገባውን አዲስ ቅኔ ይዘርፋል። ሰሚው ባንድ አፍታ የመጣ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን የመጣው ከዚያ ሁሉ የቈጠራ ዘመን ነው። ዜማው ልኩን ባያጠብቅ፥ ሰዋስውም ባይገታው ዘረፋ ባልተባለ ነበር፤ የትናንቱን ቅኔ ቢደግምም እንዲሁ።

እንግዲህ «ሳይደክም መጣለት» ያለው ተሳስቷል፤ ድካሙ አስቀድሞ ተከፍሏልና። «ድፍረት ነው» ያለውም ተሳስቷል፤ የተማረ እጅ ያለ ምክር አይፈጥንም፤ ምክሩን በውስጡ ይዞ ይፈጥናል እንጂ። ሆኖም ሁለቱም ሊጠበቁት የሚገባ እውነት አለ። ሳይማር የሚፈጥን እጅ አለና ነቃፊው ከንቱ አልተናገረም። ተምሮ አብነቱን ብቻ እየቀዳ ዕድሜውን የሚፈጽም እጅም አለ፤ ይህም ሕጉን የጠበቀ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ዐደራውን የቀበረ ነው።

ታዲያ እውነተኛው በምን ይታወቃል? ፍጥነቱ ወደ ማን እንደሚያመለክት በማየት ነው። ከጎንደር ሠዓሊዎች የብዙዎቹ ስም አልተጻፈም፤ የሣሉት ፊት ግን ዛሬም ወደ ታች ይመለከታል። ተመልካቹን «እዩኝ» የሚለው መሥመር ለሠዓሊው ክብር የወጣ ነው፤ ተመልካቹ እጁን ረስቶ መልአኩን እንዲያይ የሚያደርገው ግን፥ ባንድ ትንፋሽ ቢሣልም፥ በብዙ ዘመን የተሣለ ነው።