ከቀዶ ሕክምናው በፊት

በጎንደር መንደሮቻችን ልጅ በዘገየበት ቤት መካን እየተባለች የምትታማው ሚስት ብቻ ነበረች። የታልሙድ ሊቃውንት ግን በየባሞት መጽሐፍ አባታችን ይስሐቅም እንደ ርብቃ መካን እንደ ነበረ ያስተምራሉ። እርሱ ያላፈረበትን እኛ ስለምን እናፍርበታለን?

እዚህ በፔታሕ ቲክቫ፣ በቤይሊንሰን ሆስፒታልም ይሁን በሌላ፣ ሐኪሙ ከባልየው ፈሳሽ ውስጥ ዘር አልተገኘም ቢላችሁ፣ ከቆለጥ በቀዶ ሕክምና መፈለግ ይቻላል። አስቀድሞ ግን የደም ምርመራ አለ። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ በሚተላለፈው የዋይ ክሮሞዞም ላይ ለዘር መፈጠር የሚያስፈልጉ ኤ፣ ቢና ሲ የተባሉ ክፍሎች አሉ። ኤ ወይም ቢ ፈጽሞ ከጎደለ በቀዶ ሕክምና ዘር ይገኛል ተብሎ አይጠበቅም። ሲ ብቻ የጎደለባቸው ግን ከሞላ ጎደል በግማሾቹ ይገኛል።

ይህን አስቀድሞ መጠየቅ እምነት ማጉደል ነውን? አይመስለኝም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ስለ ቆለጥ ጉዳት ስለሚናገር ረቢዎች በዚህ ቀዶ ሕክምና እጅግ ይጠነቀቃሉ። በደም ምርመራ ግን ዘር በከንቱ አይፈስም፣ አካልም አይቆረጥም።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ሲ የጎደለው አባት ጉድለቱን ለወንድ ልጁ ያወርሳል፤ ታዲያ መውለድ ይገባዋልን? እኔ ይገባዋል እላለሁ፤ ልጁ የሚወርሰው የመውለድ ችግርን እንጂ የሞት በሽታን አይደለምና። ነገር ግን አይደበቅበት፤ ለጋብቻ ሲደርስ አባቱ ራሱ ይንገረው።

በኢየሩሳሌም ያለው የፑአ ተቋም በእነዚህ ጉዳዮች የሚያማክሩ ረቢዎች አሉት። ወደ ሐኪም ስትሄዱ ደግሞ ዕብራይስጥ ስለሚያውቅ ብቻ የወንድማችሁን ልጅ አታስተርጉሙት፤ ለአካለ መጠን የደረሰ አስተርጓሚ ጠይቁ።