ዕረፍት የማን ነው?

በጎፋ ሐምሌ ሲገባ ጠዋቱ ጸጥ ይላል። ትምህርት ቤቶች ስለሚዘጉ መንገዱን ይሞላ የነበረው የተማሪ ጫጫታ ይጠፋል፤ የበጀቱም ዓመት ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ የመንግሥት ሠራተኛ ያጠራቀመውን ፈቃድ ለመጠየቅ የሚደፍረው በዚሁ ወር ነው።

ባለፈው ክረምት እኔና ባለቤቴ ፈቃዳችንን በአንድነት ወሰድን። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጣራ ሥር እያደርን የምንተያየው በራት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ልጆቻችንም አባታቸውን ይበልጥ የሚያውቁት «ቶሎ በሉ» በሚለው ቃሉ ነው። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ወዴትም ላለመሄድና ማንንም ላለመጥራት ቆረጥን። እስከ ሦስት ሰዓት ተኛን። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በአልጋ ላይ ሆኖ መስማት ምን ያህል ደስ እንደሚያሰኝ ረስቼው ኖሮአል። ቁርስ በአራት ሰዓት፥ ቡና በአምስት፥ ምሳ በስምንት፥ እንደ ገና ቡና በአሥር ሆነ።

በአራተኛው ቀን ትንሹ ልጄ በቤታችን ስለምትረዳን ልጅ፥ «የእሷስ ዕረፍት መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እናቱም፥ «የማታ ትምህርቷ ተዘግቶ የለም እንዴ! እሷም እኮ እያረፈች ነው» አለችው። መልሱ ለጊዜው በቂ መስሎ ታየኝ። ዳሩ ግን ልጅቱ በዚያች ሰዓት ለሁለተኛ ጊዜ ቡና ትቆላ ነበርና ነገሩ ከኀሳቤ ሳይወጣ ቀረ።

በትምህርት ወራት እኛ በማለዳ ስንወጣ ቤቱ ለእሷ ይቀራል፤ ሥራው ቢበዛም የሚያዛት ድምፅ የለም። ወደ ማታም ደብተሯን ይዛ ትወጣለች፤ እነዚያ ሁለት ሰዓቶች የራሷ ናቸው። በክረምት ግን አራት ሰዎች ቀኑን ሙሉ ቤት እንውላለን፤ ትምህርቱም ይዘጋባታል። እንግዲህ እኛ ያገኘነው ዕረፍት ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ከእሷ ላይ የተቀነሰ ነበር።

አውሮፓውያን ትምህርት ቤትን የሚጠሩበት ስም የመጣው «ስኮሌ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ የጥንት ትርጓሜውም የዕረፍት ጊዜ ማለት ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የሊቃውንት ጨዋታ መስሎኝ አልፌው ነበር። ለእዚህች ልጅ ግን ቃሉ እንደ ጥንቱ ነው፤ ዕረፍቷ ትምህርት ቤቷ ነበረና። አርስቶትልም ሰው የሚሠራው ዕረፍት እንዲያገኝ መሆኑን አስተምሯል፤ ነገር ግን የዘመኑ ጌቶች የሚያርፉት በባሮቻቸው ድካም ነበር፤ እሱም ባርነትን ከተፈጥሮ የመጣ ነው ብሎ ደግፎታል።

በዚህ ረገድ ኦሪት ከፈላስፋው ትበልጣለች። በዘጸአት ምዕራፍ 20 የሰንበት ትእዛዝ የተሰጠው ለቤቱ ጌታ ብቻ አይደለም፤ ወንዱን አገልጋይ፥ ሴቷን አገልጋይ፥ እንግዳውን፥ ከብቱንም ሳይቀር ቈጥሯል። አገራችን በሰንበት ነገር ብዙ የተከራከረች ናት፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወስኗል። እኛ ግን ቀኖቹን ስንቈጥር የተቈጠሩትን ሰዎች የምንዘነጋ ይመስለኛል።

የዛሬውም ሕግ የሚያስደንቅ ነገር አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ሠራተኛው ይህን መብት በውል ቢተው እንኳ ውሉ ፈራሽ ነው፤ የሥራው ግንኙነት ካልተቋረጠም ፈቃዱን በገንዘብ መለወጥ ክልክል ነው። ሰው የራሱን ዕረፍት እንዳይሸጥ ስለ ምን ይከለከላል? ችግረኛ ሁል ጊዜ እንደሚሸጠው፥ ዋጋውንም የሚቈርጠው ያረፈው ሰው እንደሚሆን ስለሚታወቅ ነው እላለሁ። ሆኖም ይኸው አዋጅ በግል መኖሪያ ቤት ለትርፍ ላልሆነ አገልግሎት የሚቀጠሩትን በወሰኑ ውስጥ አላስገባም። እኔን የመሰለ ሰው በመሥሪያ ቤት ስለ መብት ደብዳቤ ሲጽፍ ውሎ ቤቱ ሲገባ ከሕጉ ደጅ ውጭ ያለች ሠራተኛ በር ትከፍትለታለች።

«ደመወዟን ታገኛለች፥ እንደ ልጃችን ናት፥ ምን ጐደለባት?» የሚል አይጠፋም፤ እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን የገዛ ልጄን እኩለ ሌሊት አስነሥቼ ሊጥ አላስቦካም።

ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን ከስምንት ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ የራሷ እንዲሆን ወሰንን፤ ጠርቼም ነገርኋት። ልጅቱ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፥ «ጋሼ፥ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ላሰናብታት መስሏት ኖሯል። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኀፍረት ለመጻፍ ቃል አላገኝም። በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጣ፥ የሚጠራት ድምፅ ካለ እያደመጠች ዋለች።

ሐምሌ 19 ቀን ለጎፋ ገብርኤል ክብረ በዓል ነጠላዋን ለብሳ ወጣች፤ የተመለሰችውም ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ቅዳሴው ካለቀ ብዙ ቆይቶ ነበር። ባለቤቴ የት እንደ ዋለች ልትጠይቃት አፏን ከፈተችና መለሰችው። የማታውን ሽሮ እኔ ሠርቼ አሳርሬው ስለ ነበር ሁላችንም ዳቦ በሻይ በላን።